ትምህርት ዐሥራ ሰባት፦ ሆዷን ያመማት የድመት ግልገል

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
ሀ) አንድን ችግር ከነምክንያቱና ከነመፍትሔው በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት መጻፍ፣
ለ) ሕመምን የሚገልጹ ግሶችን ከባለቤትና ከተሳቢ ጋር በትክክል ማስማማት፣
ሐ) ያያችሁትን ነገር ሳታሳንሱና ሳታጋንኑ ለሌላ ሰው በጽሑፍ መንገር ትችላላችሁ።

መግቢያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ይህ ምክር የተነገረው ለሰው ነው፤ ሰው አንደበት አለውና። እንስሳ ግን በሽታውን የሚደብቀው ወዶ አይደለም። የታመመች የድመት ግልገል ምን እንዳመማት፣ መቼ እንደ ጀመራትና ምን በልታ እንደ ነበር መናገር አትችልም። ስለ እርሷ የሚናገረው አሳዳሪዋ ነው። አሳዳሪዋ ያየውን ነገር በትክክል ቢናገር መዳኛዋ ይቀርባል፤ ቢያድበሰብሰው ግን ሐኪሙም በግምት ይሠራል። የሚቀጥለውን ምንባብ ስታነቡ ይህን በልባችሁ ያዙ።

ምንባብ

በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋ ወረዳዎች፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት፣ ድመት የምትወደደው ከሁሉ በፊት በሥራዋ ነው። ገብሱን፣ ስንዴውንና ጤፉን በጎታና በጎተራ የከተተ ገበሬ የአይጥ ጠላት ያስፈልገዋል። በከተማም ባለሱቁና ባለወፍጮው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ድመት በወለደች ጊዜ ግልገል የሚለምነው ሰው ብዙ ነው። ግልገሏ በቅርጫት ተይዛ ወይም በጨርቅ ተጠቅልላ ትመጣለች፤ ወተት ይቀርብላታል፤ ልጆች ይሰበሰቡባታል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ቤተሰቡ ያላሰበው ነገር ይደርሳል፤ ግልገሏን ተቅማጥ ይይዛታል።

ይህ ለምን ይሆናል? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት ድንገተኛ የኑሮ ለውጥ ነው። ግልገሏ በአንድ ቀን ከእናቷ፣ ከወንድሞቿና ከለመደችው ምግብ ትለያለች። ፍርሃትና የምግብ ለውጥ አንድ ላይ ሲደርሱባት አንጀቷ ይታወካል። ከእናቷ የተለየችው ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ ጡት ሙሉ በሙሉ ትታ ሌላ ምግብ ለመልመድ ገና ጊዜ ያስፈልጋት ነበርና።

ሁለተኛው ምክንያት በቸርነት የሚሰጠው የላም ወተት ነው። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ጡት በመጣል ላይ ባለች ግልገል አንጀት ውስጥ ይህን ስኳር የሚፈጨው ኃይል ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር በአንጀቷ ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ይቦካል፤ በመጨረሻም ተቅማጥ ያመጣል። «ድመትና ወተት» አብረው የሚነሡ ቃላት ቢሆኑም፣ ለብዙ ግልገሎች የላም ወተት የሆድ ሕመም መነሻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የማጀቱ ትርፍራፊ ነው። በእኛ አገር ወጥ ያለ ሽንኩርት፣ ብዙውንም ጊዜ ያለ ነጭ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ አይሠራም። በርበሬው አንጀቷን ያቃጥላል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ከዚህ የከፋ ጉዳት አላቸው፤ ቢበስሉም እንኳ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በብዙ ቤቶች በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ከማጀት ይጠፋሉ፤ ለግልገሏም የሚተርፈው ሽሮና ምስር ነው። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ለዐይኗና ለልቧ ጤና የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእህልና ከጥራጥሬ አይገኝም። ስለዚህ በጾም ወቅት ግልገል የሚያመጣ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የቤቱ ዶሮዎች በጾምም ቢሆን እንቁላል መጣላቸውን አይተዉም፤ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓሣም ተቀቅሎና አጥንቱ ተለቅሞ ለግልገሏ መልካም ምግብ ይሆናል።

አራተኛው ምክንያት የአንጀት ትል ነው። ወስፋት መሰሉ የድመት ትል ከእናቲቱ ወደ ልጆቿ በጡት ወተት ይተላለፋል፤ ስለዚህ ገና ዐይኗን እንደ ገለጠች ትል ያለባት ግልገል ብርቅ አይደለችም። እንዲህ ያለችው ግልገል ሆዷ ይነፋል፤ ጀርባዋ ግን ይከሳል። በዐይነ ምድሯ ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከታየ ትል ሊሆን ይችላል። የሰሊጥ ወይም የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ የኮሶ ትል ቁራጭ ይሆናል፤ ይህም ትል ግልገሏ ራሷን ስትልስ በምትውጠው ቁንጫ በኩል ይገባል።

አምስተኛው ምክንያት ተላላፊ በሽታ ነው። ከእነዚህም ሁሉ የሚፈራው ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው። ይህ በሽታ አንጀትንና መቅኔን ያጠቃል፤ ክትባት ያልተከተበችን ግልገል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቫይረሱ ከአንድ ቤት ወለልና ዕቃ ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ባለፈው ዓመት ግልገል በተቅማጥና በትውከት በሞተችበት ቤት ሌላ ግልገል ከመምጣቷ በፊት ወለሉና ሳህኑ በበረኪና ታጥቦ በደንብ መለቅለቅ ያለበት ስለዚህ ነው፤ ተራ ሳሙና ቫይረሱን አይገድለውም።

ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፣ ግልገልን ቶሎ የሚያጠፋት የውኃ መጉደል ነው። የስምንት ሳምንት ግልገል አንድ ኪሎ እንኳ አትሞላም። ትልቅ ሰው በአንድ ቀን ተቅማጥ የሚያጣው ውኃ ሊያደክመው ይችላል፤ ለእርሷ ግን የሞትና የሕይወት ነገር ነው። በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በላይ ጋይንት ያለችው ነፋስ መውጫ ደግሞ ከዚያ ትበልጣለች። በእንዲህ ያለ ደጋ ሌሊት፣ የታመመች ግልገል ያላትን ጥቂት ጉልበት ሰውነቷን በማሞቅ ትጨርሰዋለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ወተቱና የማጀቱ ትርፍራፊ ይቁም። ቀጥሎ ግልገሏ ቀድሞ በነበረችበት ቤት ምን ትበላ እንደ ነበር ይጠየቅና ወደዚያ ምግብ ትመለስ። ይህ ካልተቻለ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመምና ያለ ቅቤ የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ፣ በጣም ደቆ ይሰጣት፤ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ሩዝ በደንብ ለስልሶ ከተቀቀለ ጥቂት ሊቀላቀልበት ይችላል። ምግቡ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይቅረብላት እንጂ በአንድ ጊዜ አይብዛባት። «ሆዷ ይረፍ» ተብሎም ቀኑን ሙሉ መከልከል አይገባም፤ ግልገል ረኀብን አትችልም። ንጹሕ ውኃ ዘወትር በአጠገቧ ይኑር። በግድ አፏን ከፍቶ ማፍሰስ ግን ውኃውን ወደ ሳንባዋ ሊወስደው ይችላል። ከዚያም ከወለል ከፍ ባለ፣ ነፋስ በማይገባበት ስፍራ አሮጌ ጋቢ ይነጠፍላት፤ ሌሊትም ለብ ያለ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኗ ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብ ማስተኛት ለቃጠሎ ያጋልጣታል። ሲሻላት ወደ አዲሱ ምግብ የምትሸጋገረው በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን እየጨመሩ ነው።

መደረግ የሌለበትም አለ። ፓራሲታሞል ለሰው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለድመት ግን መርዝ ነው፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልምና አንዲት ፍሬ እንኳ ትልቋን ድመት ልትገድል ትችላለች። ለሆድ ሕመም በየቤቱ የሚታወቁት ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄና ኮሶም ለግልገል አይሰጡም። ለበግና ለከብት የተገዛውን የትል መድኃኒት ቆርሶ መስጠት፣ የመዥገር መድኃኒት መቀባትም እንዲሁ ክልክል ነው። የትል መድኃኒት የሚለካው በክብደት ነው፤ ለሠላሳ ኪሎ በግ የታሰበውን ለአንድ ኪሎ ግልገል በዐይን መገመት አይቻልም።

ግልገሏ እየበላችና እየተጫወተች ዐይነ ምድሯ ብቻ ከቀጠነ፣ ከላይ የተባለውን እያደረጉ አንድ ቀን መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን ደም ከታየ፣ ተቅማጡ ላይ ትውከት ከተጨመረ፣ ምግብ እንቢ ካለች፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ፣ ድዷ ከደረቀ ወይም ከነጣ፣ የማጅራቷ ቆዳ በጣት ተይዞ ሲለቀቅ ወዲያው ካልተመለሰ፣ አንድ ሰዓትም መዘግየት አይገባም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። የምትወሰደው በወረዳው ወደሚገኘው የእንስሳት ክሊኒክ ነው። በዚያ ያለው ባለሙያ የዘወትር ሥራው ከብት፣ በግ፣ አህያና ፈረስ ማከም ነው፤ ድመት ይዞለት የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አሳዳሪው አጥርቶ የሚነግረው ቃል ለምርመራው ትልቅ እርዳታ ነው።

ግልገሏን የሚንከባከብ ሰው ራሱንም ይጠብቅ። የድመት ትል ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። ዐይነ ምድሯ በየቀኑ ይጠረግና ይቀበር፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ አትሥራ። ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ግልገሏ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና።

የቃላት ፍች

አሳዳሪ — እንስሳን በቤቱ የሚያኖርና የሚመግብ ሰው
ማድበስበስ — ነገርን አጥርቶ አለመናገር፣ ማደናገር
ማጀት — ምግብ የሚሠራበትና የሚቀመጥበት የቤት ክፍል
መቅኔ — በአጥንት ውስጥ ያለው ለስላሳ ክፍል
ማጅራት — ከጭንቅላት በስተኋላ ያለው የአንገት ክፍል

የሰዋስው ማስታወሻ፦ የሕመም ግሶች

በምንባቡ ውስጥ «ተቅማጥ ይይዛታል» የሚለውን ልብ በሉ። የያዘው ተቅማጥ ነው፤ የተያዘችው ግልገሏ ናት። ስለዚህ ተቅማጥ ባለቤት፣ ግልገሏ ተሳቢ ናት። በአማርኛ ሕመምን፣ ረኀብንና ብርድን የሚገልጹ ብዙ ግሶች እንደዚህ ናቸው። የሚታመመው ከባለቤትነት ይልቅ በተሳቢነት ይገኛል።

ሀ) ግልገሏን አመማት።
ለ) ግልገሏን ራባት።
ሐ) ግልገሏን በረዳት።
መ) ግልገሏን አስመለሳት።

በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ግሱ በሦስተኛ መደብ በወንድ ጾታ ቆሟል፤ ባለቤቱ ግን በስም አልተጠራም። ግልገሏን የሚያመለክተው በመጨረሻ የተጨመረው «ት» ነው። በንግግር ጊዜ «ግልገሏ አመማት» ማለት የተለመደ ነው፤ በጥንቃቄ በሚጻፍ ድርሰት ግን የተሳቢው ምልክት «ን» ባይቀር ይመረጣል።

የታመመው ባለቤት እንዲሆን ስንፈልግ ግሱ «ተ»ን ይጨምራል፤ ታመመች፣ ተራበች፣ ተጠማች እንላለን። ሁሉም ግስ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። «አስቀመጣት» የሚለውን እንመልከት።

ሀ) ግልገሏን አስቀመጣት። (ተቅማጥ ያዛት)
ለ) ልጁ ግልገሏን አስቀመጣት። (ከእጁ አወረዳት)

ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው። «ተቀመጠች» ካልን ደግሞ ከሕመሙ ፈጽመን እንወጣለን። ስለዚህ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲያጋጥማችሁ፣ አንባቢ እንዳይሳሳት «ተቅማጥ ያዛት» ወይም «ተቅማጥ ጀመራት» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።

የድርሰት ትምህርት፦ ያዩትን አጥርቶ መንገር

ከዚህ በታች ለእንስሳት ሐኪም የቀረቡ ሁለት ጽሑፎች አሉ። የሚናገሩት ስለ አንዲት ግልገል ነው።

ጽሑፍ ሀ
«ድመታችን እጅግ ታማለች። ሆዷን ሳይሆን አይቀርም። ከጀመራት ቆይቷል። ያልሰጠናት ነገር የለም፤ ምንም አልተሻላትም። እባክዎን መድኃኒት ይስጡን።»

ጽሑፍ ለ
«ግልገሏ የሁለት ወር ያህል ዕድሜ አላት። ከእናቷ ተለይታ ወደ ቤታችን የመጣችው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሑድ የላም ወተት ጠጣች። ሰኞ ጠዋት ተቅማጥ ጀመራት፤ እስከ ማታ አራት ጊዜ አየንባት። ዐይነ ምድሯ ቀጭንና ቢጫ ነው፤ ደም አላየንበትም፤ ነጭ ክር የመሰለ ትል ግን አንድ ጊዜ አይተናል። አላስመለሳትም። ሰኞ ማታ ወተቱን አቁመን የተቀቀለ ዶሮ ሰጠናት፤ ጥቂት በላች። ውኃ ትጠጣለች፤ ዛሬ ማክሰኞ ግን ከትናንት ይልቅ ደክማለች። ምንም መድኃኒት አልሰጠናትም። እባክዎን ይመልከቱልን።»

የጽሑፍ ሀ ጸሐፊ ለግልገሏ አዝኗል፤ ሐዘኑ ግን ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። «ቆይቷል» ማለት ሁለት ቀን ነው ወይስ ሁለት ሳምንት? «ያልሰጠናት ነገር የለም» ሲልስ ፓራሲታሞልም ይጨምራል? ይህ ካልታወቀ የግልገሏ ሕይወት አደጋ ላይ ነው። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውም ግምት እንጂ በዐይን የታየ ነገር አይደለም።

ጽሑፍ ለ ግን ዕድሜን፣ ቀንን፣ ምግብንና ቁጥርን ይዟል። የታየውን ብቻ ሳይሆን ተፈልጎ ያልታየውንም ነግሯል፤ «ደም አላየንበትም»፣ «አላስመለሳትም»፣ «መድኃኒት አልሰጠናትም» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ሐኪሙ ሊጠይቅ የነበረውን አስቀድመው መልሰዋል። ነገሩም የተነገረው በሆነበት ቅደም ተከተል ነው። የጽሑፍ ለ ጸሐፊ ከጽሑፍ ሀ ጸሐፊ ይልቅ ግልገሏን መውደዱን በቃል አልተናገረም፤ ፍቅሩ የታየው በትጋት በመመልከቱ ነው።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የላም ወተት በግልገል ላይ ተቅማጥ የሚያመጣው እንዴት ነው?
2. በጾም ወራት ግልገል የሚያመጣ ቤተሰብ ምን ምን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል?
3. ተቅማጥ ከትልቅ ሰው ይልቅ ግልገልን ፈጥኖ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
4. አንድ ቀን ለመጠበቅ የሚፈቅዱና ፈጥኖ ወደ ክሊኒክ ለመሄድ የሚያስገድዱ ምልክቶችን በሁለት ረድፍ ለይታችሁ ጻፉ።

መልመጃ ሁለት፦ በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለዩ። ባለቤቱ በስም ያልተጠራበት ካለ «አልተጠራም» በሉ።

1. ጥጃውን ብርድ መታው።
2. በጓን ጠማት።
3. ቡችላው ታመመ።
4. ሐኪሙ ግልገሏን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።
5. ሌሊቱን ግልገሏን አስቀመጣት።

መልመጃ ሦስት፦ የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በትክክለኛ ቅደም ተከተል አቀናጁና «አስቀድሞ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻ» በሚሉት ቃላት አያይዛችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።

1. አዲሱን ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አስለመዷት።
2. ወተቱን አቆሙ።
3. የቀድሞ አሳዳሪዋን ምን ትበላ እንደ ነበር ጠየቁ።
4. ነፋስ በማይገባበት ስፍራ አስተኟት።

መልመጃ አራት፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካሉት እንስሳት አንዱን፣ ጥጃ፣ ጠቦት፣ ዶሮ ወይም ድመት፣ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ተመልከቱ። የበላውን፣ የጠጣውን፣ አካሄዱንና ዐይነ ምድሩን በየቀኑ በማስታወሻ ደብተራችሁ መዝግቡ። ከዚያም እንስሳውን አይቶት ለማያውቅ ሐኪም የሚቀርብ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው ጽሑፍ አዘጋጁ። ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን መርምሩ፦ ግምታችሁን ካያችሁት ለይታችኋል? ቀንና ቁጥር ጠቅሳችኋል? ያላያችሁትንስ «አላየሁም» ብላችሁ ጽፋችኋል?